ጤና አዳሜ ላይ ያሉት ትሎች የቢራቢሮ ናቸው?

ግቢዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ ነው የምኖረው። ዓምና ከቤቱ ፊት የነበረውን ሣር ነቅዬ ዳማከሴ፣ ጦስኝና አንድ ግራዋ ተከልኩ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ የአደይ አበባ ዘር በተንኩበት። ጤና አዳሙ ድሮም የእናቴ ነው። መስከረም ላይ አደዩ ሲፈነዳ ግቢው በንብ ተሞላ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሰሞኑን ግን ጤና አዳሙ ላይ ትሎች አየሁ። ትንንሾቹ የወፍ ኩስ ይመስላሉ፣ ትልልቆቹ አረንጓዴ ናቸው። አንዱን በስንጥር ነካ ሳደርገው ከራሱ ላይ ብርቱካናማ ቀንድ የመሰለ ነገር አወጣ፣ ሽታው ደግሞ ኃይለኛ ነው። እናቴ ለቡናዬ ቅጠል ሊያሳጡኝ ነው፣ መድኃኒት ይረጭ እያለች ነው። እኔ መርጨት አልፈልግም። ምን ይሻላል?

ሎሚ ጥላ፦
ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትረጭ! የቢራቢሮ እጭ ናቸው። ሎሚና ብርቱካን ዛፍ ዙሪያ የምታያት፣ ጥቁር ሆና ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ትልቋ ቢራቢሮ አለች አይደል? የእሷ ልጆች ናቸው። ጤና አዳም ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ እንቁላሏን እዚያም ትጥላለች። ቀንዱና ሽታው የሚበላቸውን ማባረሪያ ነው፣ አንተን አይጎዳህም።

ለእናትህ ከዚያው ተክል ቅርንጫፍ ቆርጠህ ሌላ ቦታ ትከልላቸው፣ ይጸድቃል። በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍነው። የድሮውን ለእጮቹ ተውላቸው። ቅጠሉ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ፀሐይ ስትሞቅ፦
እኔ ረፋድ ላይ አንድ ተክል ፊት ቁጭ ብዬ 10 ደቂቃ የመጣውን ሁሉ እቆጥራለሁ። ንብ ሁሉ ንብ አይደለም። አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ልብ በለው፣ ክንፉ ሁለት ብቻ ከሆነ ዝንብ ነው፤ የንብ ግን አራት ናቸው። የብዙዎቹ እጭ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ትንንሽ ነፍሳት) ስለሚበላ ለጓሮህ ባለውለታ ነው። ፎቶ አንስተህ አይናቹራሊስት የሚባለው የተፈጥሮ ፎቶ መተግበሪያ ላይ ብትጭን ስሙን የሚያውቁ ሰዎች ይነግሩሃል።

አንድ ነገር ግን፣ ቢራቢሮ ይጠራል ብለው የወፍ ቆሎ ትከል ቢሉህ እሺ አትበል። እውነት ነው ቢራቢሮ ይወደዋል፣ ግን መጤ ነው፣ ወፍ ፍሬውን በየቦታው ይበትነውና የሀገሩን ተክል ያፍነዋል።

የቀፎ ልጅ፦
ግራዋውን አደራ፣ ከሥሩ እንዳትቆርጠው። አደይ ካለቀ በኋላ በበጋ አበባ ሲጠፋ ለንቦቹ የሚደርስላቸው እሱ ነው። ግቢውንም ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ አታልብሱት። ጣዝማን አስባት፣ ማሯን የምታኖረው አፈር ውስጥ ነው። ለብቻቸው መሬት ቆፍረው የሚኖሩ ትንንሽ ንቦችም ብዙ ናቸው። ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ ትንሽ ባዶ መሬት ተውላቸው።

ግቢዬ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ለእናቴ ሦስት ቅርንጫፍ ተከልኩላት፣ ተስማማች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከእጮቹ አንዱ አጥሩ ላይ ሙሽሬ (ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ያለው ደረጃ) ሆኖ አገኘሁት፣ ወገቡን በቀጭን ክር ታስሮ። እናቴ ራሷ መጥታ አየችውና ልጆቹ እንዳይነኩት አስጠነቀቀች።