ለዌፈር ፋብሪካ ከግብራችን መሰጠት ነበረበት ወይ?

የጋርላንዱ፦
እስቲ ይህን ጉዳይ እናውራበት። ከዳላስ በሀይዌይ 75 ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ ሸርማን ይደረሳል። የታይዋኑ ግሎባልዌፈርስ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ያወጣበትን ፋብሪካ እዚያ ሜይ 2025 ላይ ከፍቷል። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ በ2024 መጨረሻ፣ ለዚህኛውና ሚዙሪ ላለው ፋብሪካው እስከ 406 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጠው ፈርሟል። ቺፕ ቢሠራ እሺ። የሚሠራው ግን ዌፈር የሚባል ባዶ ሳህን ነው፣ ቺፕ የሚታተምበት፣ ገና ምንም ያልታተመበት ክብ ሲሊከን። እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ የምከፍለው ታክስ ለሀብታም የውጭ ኩባንያ የሚሄደው በምን ሒሳብ ነው? የሚያስረዳኝ ካለ ልስማ።

የሌሊት ሽፍት፦
ወንድሜ፣ ድጎማውን መቃወም መብትህ ነው። "ባዶ ሳህን" ያልከው ግን ከንክኖኛል። የሲሊከን ክሪስታል በሚጎተትበት ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሌሊት ሠርቻለሁ። ያ ሳህን እንዴት እንደሚመጣ ልንገርህ።

የተጣራ ሲሊከን ስብርባሪ በኳርትዝ ማሰሮ ይሞላና በ1,414 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። አየር እንዳያገኘው ዙሪያው አርጎን ጋዝ ነው። ከላይ እንደ እርሳስ የቀጠነች የክሪስታል ዘር ትወርድና የቀለጠውን ፊት ትነካለች። ከዚያ እየዞረች ቀስ ብላ ወደ ላይ ትሳባለች። መጀመሪያ አንገቷ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር እስኪሆን እንዲቀጥን ይደረጋል፣ ዘሯ ስትነካ የተፈጠረው የአተሞች መዛነፍ እዚያው አንገቷ ላይ እንዲቀር። ቀጥሎ ትከሻው ይሰፋል። ስፋቱ 300 ሚሊሜትር ሲሞላ ወገቡ ይጀምራል። በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ክብደት በዚያች አንገት ተንጠልጥሎ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ በደቂቃ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሜትር ለማውጣት ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ማቅለጡንና ማቀዝቀዙን ሳልቆጥር። ያ ነው በስሱ እየተቆረጠ ሳህኑ የሚሆነው።

በትንሿ መስኮት ስታይ በክሪስታሉ ጎን አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። ዓይናችን ከእነሱ አይነቀልም። አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ መስመር ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ። አተሞቹ ሰልፋቸውን ስተዋል ማለት ነው። ስንት ሰዓት የተጎተተው ሁሉ ተመልሶ ሊቀልጥ ወደ ማሰሮው ገባ። አጠገቤ የነበረው የረጅም ጊዜ ሠራተኛ ግን መስመሩ ገና ሳይደበዝዝ "ይሄ ነገር አልጣመኝም" ብሎኝ ነበር። ያንን ዓይን ከየት ትገዛዋለህ? ሥራው ከአገር ከወጣ እንዲህ ያለው ሰውም አብሮ ይጠፋል። ድጎማውን የምደግፈው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ሠሪዋ፦
የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግን ሥራው ከባድ ስለሆነ ብቻ የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋል አይባልም። 406 ሚሊዮኑ ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ የ2022ቱ የቺፕስ ሕግ ፋብሪካ ለሚሠሩ ከወጪያቸው 25 በመቶ የታክስ ቅናሽም ፈቅዷል። ገንዘቡ በአንዴ አለመሰጠቱ፣ ሥራው የደረሰበት እየታየ መለቀቁ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የ300 ሚሊሜትር ዌፈር ገበያን ከ80 በመቶ በላይ የያዙት አምስት ኩባንያዎች ናቸው፦ ሺን ኤትሱና ሳምኮ ከጃፓን፣ ግሎባልዌፈርስ ከታይዋን፣ ሲልትሮኒክ ከጀርመን፣ ኤስኬ ሲልትሮን ከኮሪያ። ሁሉም ወዳጅ አገር ነው። ዌፈሩን ሲሸጡልን ኖረዋል። የሸርማኑ ትርፍስ የት ነው የሚሄደው?

ጋሽ መምህር፦
ልጆች፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ይህን ክሪስታል የመጎተት ዘዴ ያገኘው ፖላንዳዊው ያን ቾክራልስኪ ነው፣ በ1916፣ በርሊን ሆኖ። ብዕሩን ቀለም ውስጥ የነከረ መስሎት የቀለጠ ቆርቆሮ ውስጥ ነከረው፣ ሲያወጣው ቀጭን ክር ተከትሎት ወጣ ይባላል። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1948፣ የዳላስ ልጅ ጎርደን ቲል ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ በዚያው ዘዴ ጀርማኒየም የሚባል፣ እንደ ሲሊከን ያለ ንጥረ ነገር ክሪስታል ጎተተ። ያን ጊዜ ትራንዚስተርን ከፈጠሩት አንዱ የሆነውን ሾክሌይን የመሰለ ሰው እንኳ ነጠላ ክሪስታል፣ አተሞቹ ሁሉ በአንድ ሰልፍ የቆሙበት ማለት ነው፣ አያስፈልግም ባይ ነበር። ቲል በኋላ ወደ ዳላስ ተመልሶ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባለው ኩባንያ ገባ፤ በ1954 የሲሊከን ትራንዚስተር፣ የዛሬው ቺፕ መሠረት የሆነውን፣ ለገበያ አበቁ። ዕውቀቱ እዚሁ ደጃችን ነበር እኮ! ሸርማን ግን በዚህ አገር ከ20 ዓመት በላይ ተቆይቶ የተከፈተ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ፋብሪካ ነው።

ጀርመኖችንም ተመልከቱ። ግሎባልዌፈርስ ሲልትሮኒክን ሊገዛ ሲል መንግሥታቸው እስከ ጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ፈቃድ ሳይሰጥ ቀነ ገደቡ አለፈ። ለዚያ ግዢ የያዘውን ገንዘብ ነው ኩባንያው አዳዲስ ፋብሪካ ወደ መሥራት ያዞረው። ዋጋውን ስለሚያውቁ ነው የያዙት።

የጋርላንዱ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ግን ውሃውስ? ዌፈር ሲቆረጥ፣ ሲለሰልስ፣ ሲታጠብ ውሃ ይፈጃል። የሸርማን ውሃ በአብዛኛው ከቴክሶማ ሐይቅ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም እዚያው ከተማ ግዙፍ ፋብሪካ እየሠራ ነው። ሲታወጅ ደግሞ እስከ 1,500 ሥራ ተብሎ ነበር። ማን ነው የሚቀጠረው?

የሌሊት ሽፍት፦
የውሃው ጥያቄ ልክ ነው። ከተማው ስንት እንደሚሰጣቸው ለነዋሪው በግልጽ መናገር አለበት። የወዳጅ አገሩን ነገር ግን ለእህቴ ልመልስ። ያ ማሰሮ የሚሠራበት ንጹሕ ኳርትዝ በአብዛኛው የሚመጣው ኖርዝ ካሮላይና ካለች ስፕሩስ ፓይን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሴፕቴምበር 2024 ሄለን የተባለው ማዕበል ሲመታት የማዕድን ማውጣቱ ሥራ ቆመ፣ የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ልቡ ተሰቀለ። ጎርፍ ወዳጅ ጠላት ብሎ አይለይም። ጃፓንና ታይዋን ደግሞ መሬት የሚንቀጠቀጥባቸው አገሮች ናቸው።

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ይሄኛው ክርክርህ ይሻላል፣ እቀበለዋለሁ። ቢሆንም አምስቱ አሁንም አምስት ናቸው፣ ስድስተኛ አልጨመርንም። እኔ ብሆን ከገንዘቡ ከፊሉን ለማሠልጠኛ ይዋል የሚል ግዴታ አስገብቼ ነበር የምሰጠው፤ ልጆቹ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወጥተው እንደዚያ ሰውዬ ካለ ሰው ጎን ቆመው እንዲማሩ።

የጋርላንዱ፦
የማሠልጠኛው ነገር ተመችቶኛል፣ የኔም ትልቁ ልጅ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ድጎማውን አሁንም አልወደድኩትም። "ባዶ ሳህን" ያልኩትን ግን አንስቻለሁ።