የጦርነት ጊዜ ሬዲዮ፦ ወታደሩ ምን ነበር የሚሰማው?

ሚኒሚዲያ_ማርቆስ፦
ሰላም ጎበዝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ደብረ ማርቆስ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ልጆቹ ስለ ጦርነት ጊዜ ሬዲዮ ፕሮግራም እንስራ አሉና እስኪ ስክሪፕት አምጡ ስላቸው ከላይ እስከ ታች ፉከራና ማርሽ ሞልተው አመጡልኝ። ሰው እኮ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ሌት ተቀን ሲፎከርለት አይውልም ብላቸው አንዷ ታዲያ ምን ይከፈትለት ነበር መምህር አለችኝና ዝም አሰኘችኝ። የእኛም ይሁን የፈረንጁ፣ ግንባር ያለውም ቤት የቀረውም በሬዲዮ ምን እየሰማ ነበር ጊዜውን የሚገፋው? የምታውቁ ወዲህ በሉ፣ ፖለቲካውን ግን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ጮቄ_ማዶ፦
መምህር ልጅቷ ጎበዝ ናት። እኔ የፈረንጁን ልበልህ፣ ዓመቱም በፈረንጅ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የእንግሊዝ ወታደር ፈረንሳይ ተሻግሮ ይሄ ነው የሚባል ውጊያ ሳያይ ወራት ተቀመጠ፣ ብርድና መሰልቸት ብቻ፣ ቢቢሲ ይሄን አይቶ በ1940 መጀመሪያ ላይ ለሰራዊቱ የሚሆን ሌላ ጣቢያ ከፈተ፣ ቀልድ፣ የዳንስ ሙዚቃ፣ ስፖርት ምናምን። ቤት ያለው ሕዝብም ዋናውን ጣቢያ እየተወ ወደዚያኛው ዞረልህ። በ1941 ደግሞ ቬራ ሊን የምትባለው ዘፋኝ ደብዳቤ የሚመስል ፕሮግራም ጀመረች፣ ወታደሮቹ የጠየቁትን ትዘፍናለች፣ ሆስፒታል እየሄደች አራስ ትጠይቅና ባህር ማዶ ላለው ባልየው መልእክቱን በሬዲዮ ታደርስለታለች። አለቆቹ አልወደዱላትም፣ ወታደሩን ሆደ ባሻ ታደርግብናለች ነው ነገሩ፣ ወታደሩ ግን ሌላ ሰው አልሰማም አለ።

አሜሪካኖቹ በ1942 ኮማንድ ፐርፎርማንስ የሚባል አመጡ። አዛዡ ወታደሩ ነው፣ ያማረውን ጽፎ ይልካል፣ የሆሊውድ ሰው ደግሞ ያለ ክፍያ መጥቶ ይሰራለታል። ዘፈን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ስጋ ሲጠበስ ችስስ የሚለውን ድምፅ አሰሙን ያሉ ሁሉ ነበሩ፣ ተሰርቶላቸዋል። ልጆቹ መጥበሻ ይዘው ስቱዲዮ ይግቡ ሃሃሃ

የቢቸናዋ፦
ወንድሜ በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ኤርትራ ነበር። እኛ ቤት ሬዲዮ ለዜናና ለሰራዊቱ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ባትሪ ድንጋይ ውድ ነዋ። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ እምቢ ሲል በጥርስ ነከስ ነከስ እናደርገዋለን (አትሳቁ፣ ይሰራል)። እማየ ንግግር ሲጀመር እንዝርቷን ታነሳለች፣ ዘፈን ሲመጣ ታስቀምጣለች። አባየ አንድ ቀን ምኑን ነው እንዲህ የምታደምጭው ቢላት እሱም ይሄን ሰዓት እየሰማው ይሆናላ አለችው። ዘፈኑ ምንም ይሁን ግድ የላትም፣ ከልጇ ጋር አብራ መስማቷ ነው።

ኋላ ደብዳቤ ሲጠፋ ደግሞ የሻዕቢያን ሬዲዮ መፈለግ መጣ፣ በአማርኛም ያወራ ስለነበር የምርኮኛ ስም ይጠራል ተባለ። ሬዲዮኗን ጎታው ጀርባ ወሽቀን እነሱ ጆሯቸውን ደቅነው ይሰማሉ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ አብዮት ጥበቃ እንዳይመጣ አያለሁ። ጎረቤታችን የልጇን ስም የሰማችው እንደዚያ ነው፣ እልል ልትል ስትል ተረባርበን አፏን ያዝናት።

አያ_ሬዲዮ፦
እታለም፣ ያንቺን አንብቤ ዝም ልል ነበር። ግን መምህር አንድ ነገር ለልጆቹ ንገርልኝ፣ እኛ አገር ነገሩ ግልብጥ ነው። ፈረንጅ ዘፋኙን ወደ ወታደሩ ይልካል፣ እኛ ጋ ግን ወታደሩ ራሱ ነው ሕዝቡን ሲያዝናና የኖረው። ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ኦርኬስትራ ባይኖሩ የጃንሆይ ዘመን ሬዲዮ ምን ያሰማ ነበር? ጥላሁን ገሠሠ ስሙ የገነነው ክቡር ዘበኛ ሆኖ አይደለም እንዴ። ቤትህ ቁጭ ብለህ የፍቅር ዘፈን የሚያስኮመኩምህ ደመወዝተኛ ወታደር ነው፣ ስለዚህ ማርሽ ብቻ የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ጎጃምን ደግሞ አትርሱ። ጥር 1933 ጃንሆይ ከሱዳን በኦሜድላ ሲገቡ የፕሮፓጋንዳውን ስራ የያዘው ጆርጅ ስቲር ነበር፣ ያ የስፔኗን ከተማ የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያወራው ጋዜጠኛ። ባንዲራችን የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ አወጡ፣ ወረቀት ተበተነ፣ በድምፅ ማጉያም ከጣሊያን ጋር የተሰለፈውን የአገር ሰው ና ወደ ወገንህ እያሉ ይጠሩት ነበር። ያኔ ገበሬው ቤት ሬዲዮ የት አለና፣ ለብዙው ሰው በማሽን የመጣ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ባለክራር፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እሱ መዝናኛ አይደለም፣ ጥሪ ነው። መምህር የጠየቀው ሌላ።

አያ_ሬዲዮ፦
ልጄ ድንበሩን አሳየኝና እሰማሃለሁ።

ባለክራር፦
እሱስ እውነትዎን ነው 😂 እንዲያውም ሊሊ ማርሌንን ያንሱ። ጀርመናዊቷ ዘፋኝ ላለ አንደርሰን በ1939 (በፈረንጅ) ስትቀዳው ሰው ዞር ብሎ ያላየው ዘፈን ነው፣ በ1941 ጀርመኖች ቤልግሬድን ይዘው የወታደር ሬዲዮ ሲከፍቱ በየምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ያጫውቱት ጀመር። አንድ ዘበኛ ከፍቅረኛው ሲለይ፣ በቃ፣ ስለ ድል አንድ ቃል የለውም። ሊቢያ በረሃ ያለው እንግሊዝም ሬዲዮውን ወደ ጠላት ጣቢያ እያዞረ ይሰማው ነበር። እዚህ ቤት ደግሞ የሻዕቢያን ሬዲዮ ጎታ ጀርባ። ሰው ናፍቆቱን የሚያነሳለት ጣቢያ ካገኘ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ሚኒሚዲያ_ማርቆስ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስክሪፕቱ ተገለበጠ በሉት። ማርሹን መግቢያ ላይ ትንሽ አሰምተን እንቆርጠዋለን፣ ከዚያ የክቡር ዘበኛው ይቀጥላል፣ መጥበሻው ላይ ልጆቹ አሁኑኑ ተጣልተዋል ማን ይያዝ በሚል። የቢቸናዋ እህቴ፣ እናትሽ ካሉ መጥተን ድምፃቸውን ብንቀዳ ደስ ይለናል።

የቢቸናዋ፦
እማየ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር። ጎረቤታችን ግን አለች፣ ጆሮዋ ትንሽ ከብዷል እንጂ ወሬ እንደሆነ አይቸግራትም። ስትመጡ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ኑ፣ ልጁም እዚሁ ባጃጅ ይነዳል፣ ከመናኸሪያ ይቀበላችኋል።