ለተበደሉ የሥራ ባልደረባ መመስከር ወይስ ለእግዚአብሔር ትቶ ዝም ማለት?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። በቅርቡ አንዲት በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ ከመጋዘን ዕቃ ሰርቀዋል ተብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ተሰናበቱ። ዕቃው ግን ከመጋዘን የወጣው በሌላ ሰው ፊርማ ሲሆን፣ የወጪ ማዘዣው እኔ በምይዘው መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ሳስረዳ፣ ጉዳዩ ያለቀ በመሆኑ ሁለተኛ እንዳላነሣው አዘዙኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የነፈጉኝ ባልደረቦች አሉ፤ አንዳንዶቹም እምነቴን እያነሡ «ጻድቁ መጣ» ይሉኛል።

ጉዳዩን ለጸሎት ወገኖቼ ባካፍላቸው፣ በቀል የጌታ ስለ ሆነ ለእርሱ እንድተው መከሩኝ፤ ሥራ አስኪያጁም አማኝ በመሆናቸው ወንድም ወንድሙን በፍርድ ቤት ሊከስ እንደማይገባ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 6 አነበቡልኝ። ሴትዮዋ ክስ ሊመሠርቱ አስበዋል፤ እንድመሰክርላቸውም ለምነውኛል። ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝና እንጀራዬን እፈራለሁ፤ ከዚያ ይልቅ የምፈራው ግን በእግዚአብሔር ፊት መሳሳትን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ታማኝነት የሚባለው የትኛው ነው?

መልስ 1

ወንድሜ፣ የተነበበልህ ቃል እውነት ነው፤ ንባቡ ግን ሳይፈጸም ተቋርጧል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 12፥19 ራሳችሁ አትበቀሉ ካለ በኋላ፣ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ በ13፥4 ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊውን የሚቀጣ የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደ ሆነ ያስተምራል። እንግዲህ በገዛ እጁ ከመበቀል የተቆጠበ ሰው ጉዳዩን ለዳኛ ቢያቀርብ፣ እግዚአብሔር በሠራው ሥርዓት ሄደ እንጂ በቀልን ከእግዚአብሔር እጅ አልነጠቀም። ጳውሎስ ራሱ በፊልጵስዩስ ሳይፈረድበት ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ገዢዎቹ በስውር ሊለቁት ሲሞክሩ፣ ሮማዊ መሆኑን ገልጾ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ (ሐዋ. 16፥37)፤ ኋላም በቂሣርያ ሳለ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (25፥11)። ልብ እንድትለው የምፈልገው ደግሞ፣ በዚያው በፊልጵስዩስ ወኅኒ እግሩን በግንድ ያጣበቀው ጠባቂ ራሱን ሊገድል ሰይፍ ሲመዝ፣ በታላቅ ድምፅ ጮኾ ያዳነው ይኸው ጳውሎስ መሆኑን ነው። ለጠባቂው የራራ ልብና ከገዢዎቹ ፍትሕ የጠየቀ አንደበት የአንድ ሰው ነበሩ።

ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ስንመጣ፣ ብትበደሉ አይሻልምን የሚለው ጥያቄ የቀረበው የክርክሩ ባለቤቶች ለሆኑት ሰዎች ነው። በራሴ ላይ የደረሰውን በደል ይቅር ብዬ ልተወው እችላለሁ፤ በእኚያ እናት ላይ የደረሰውን ግን በእርሳቸው ፈንታ እንድተው ማን ፈቀደልኝ? ከዚህም ሌላ ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አስተዋይ ሰው ከመካከላችሁ የለምን ብሎ ይገሥጻል። ወገኖችህ ይህን ምዕራፍ በእውነት የሚቀበሉት ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁን ጠርተው፣ ሴትዮዋን ሰምተው፣ ማስረጃውን አይተው ይፍረዱ። ተበዳይዋን ሳይሰሙ ምስክሩን ዝም ማሰኘት በምዕራፉ ውስጥ የለም፤ እንዲያውም በዘሌዋውያን 5፥1 የሚያውቀውን ያልተናገረ ምስክር ኃጢአቱን እንደሚሸከም ተጽፏል።

መልስ 2

ልጄ፣ ወንድማችን ከላይ በጻፉት እስማማለሁ። ሆኖም ብዙ ዓመት በቢሮ ሥራ ያሳለፍሁ እናት እንደ መሆኔ፣ እውነትን ይዘው የተነሡ ሰዎች በመንገድ ላይ ጥላቻ ሲይዛቸው ስላየሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ችሎት ከመሄድህ በፊት በማቴዎስ 18፥15 መሠረት ሥራ አስኪያጁን ብቻችሁን ሆናችሁ አንድ ጊዜ እንደገና አነጋግራቸው፤ የምታሳያቸውም ያ ወረቀት ብቻ ይሁን፤ ስለ ሌላ ጥፋታቸው የሰማኸውን ሁሉ አታንሣባቸው። እምቢ ካሉህ ለመመስከር እንደ ወሰንህ በግልጽ ንገራቸው፤ ከመጥሪያ ወረቀት ላይ ሊያውቁት አይገባም። ሰላምታ የነፈጉህን ባልደረቦች ጠዋት ጠዋት አንተ ቀድመህ ሰላም በላቸው፤ ከእነርሱ መካከል በልባቸው ከአንተ ጋር ሆነው እንጀራቸውን የፈሩ ይኖራሉና አትፍረድባቸው። መዝገቡንም በድብቅ ከድርጅቱ ይዘህ እንዳትወጣ እለምንሃለሁ፤ ስለ ስርቆት በሚደረግ ክርክር ላይ የእውነት ምስክር በዚህ መንገድ መታማት የለበትም። የነፍስ አባት ወይም የሚመክርህ አገልጋይ ካለህ ቂም በልብህ ውስጥ ማደር አለማደሩን በየጊዜው ይጠይቅህ።

መልስ 3

በአገራችን ስለ እንዲህ ያለው ጉዳይ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰቡን ሰማዕታት ናቸው። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የፋሽስትን ግዛት ለመቀበልና አርበኞችን ለማውገዝ እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ሁለቱም መሣሪያ አላነሡም፤ ዝምም አላሉም። ይሁንና የእነርሱን ስም በጠራን ቁጥር ታማኝነት የሚፈተነው በጥይት ፊት ብቻ ይመስለናል፤ ለአብዛኞቻችን ግን ፈተናው የሚመጣው እንደ እርስዎ በደመወዝና በሰላምታ በኩል ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካዋ የሞንትጎመሪ ከተማ ታሪክ ይመስለኛል። በዚያ የነበሩ ጥቁር ክርስቲያኖች በአውቶቡስ ውስጥ በሚደርስባቸው መድልዎ ምክንያት ከታኅሣሥ 1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 381 ቀናት በአውቶቡስ አልተሳፈሩም። በዚያ መካከል ጥር 30 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ባለቤቱና ሕፃን ልጁ በውስጡ ሳሉ፣ ተቃውሞውን ይመራ በነበረው በፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። የተቆጣ ሕዝብ፣ አንዳንዱም መሣሪያ ይዞ፣ በደጁ ተሰበሰበ፤ እርሱ ግን መሣሪያቸውን ወደየቤታቸው እንዲመልሱና ጠላቶቻቸውን እንዲወዱ ለመናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ የነበሩ ሴቶች በአውቶቡስ መድልዎ እንዲደረግ ያዝ የነበረውን ሕግ በመቃወም ለፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ከሳሾቹ አምስት ነበሩ፤ አንዷ በደረሰባት ማስፈራራት ክሱን አንሥታ አራቱ ጸኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለእነርሱ ፈረደ። ሕዝቡ ለበቀል እንዳይነሣ የከለከለው ፍቅርና ሴቶቹን ወደ ችሎት ያደረሰው ድፍረት በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ከተማ ታዩ፤ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ የሚያስገድደን ምንም የለም። ክሷን ያነሣችውንም ሴት ማንም ሊነቅፋት አይገባም፤ እርስዎም ስለ ልጆችዎ መፍራትዎ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናታችን እንዳሉኝ ሥራ አስኪያጁን በዚህ ሳምንት በድጋሚ አነጋግራቸዋለሁ። ፈቃደኛ ካልሆኑ መዝገቡን ሳላወጣ እንዴት መመስከር እችላለሁ?

መልስ 4

በሥራ ክርክር ጉዳዮች ላይ የምሠራ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ሴትዮዋ በሥራ ክርክር ችሎት ክስ ሲያቀርቡ፣ የወጪ ማዘዣው በአሠሪው እጅ እንደሚገኝ በማስረጃ ዝርዝራቸው ላይ ገልጸው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው መጠየቅ ይችላሉ። እርስዎም መጥሪያ ሲደርስዎ ቀርበው የሚያውቁትን ብቻ ይናገራሉ፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተጠርቶ መመስከር የምስጢር ማባከን ጥፋት አይሆንብዎትም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትምና ገንዘብ የለኝም ብለው እንዳይቀሩ ይንገሯቸው። ከሁሉም በላይ የሚያስቸኩለው ግን ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ የሚታገድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የሚያደርጉት ንግግር በሚቀጥል ጊዜም ቢሆን፣ ሴትዮዋ የስንብት ደብዳቤያቸውን ይዘው ቀኑ ሳያልፍ ማመልከቻቸውን ያስገቡ።