ጥቆማ፦ አዲሱን ቴሌስኮፕ ልመልሰው ወይስ ልያዘው?

ጥያቄ፦

ትናንት ማታ አዲሱን ቴሌስኮፔን ጓሮ አውጥቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገተርኩ። ያየሁት ጨለማ ነው። ከብዙ ትግል በኋላ አንድ ደብዛዛ የብርሃን ክብ ገባልኝ፤ እሱም እየተንቀጠቀጠ መጣና በወጉ ሳላየው ሾልኮ ሄደ። ዕቃው ባለ ሌንስ ነው፦ የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ (ከሌንሱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) 700 ሚሊ ሜትር። ከሳጥኑ ባለ 20 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንሶች፣ ማጉላቱን ሦስት እጥፍ የሚያባዛ ባርሎው የሚባል ተጨማሪ ሌንስ እና ቀጭን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ወጥተዋል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ስለተጻፈ፣ የከፈልኩትማ ለዚህ ቁጥር ነው ብዬ ባርሎውንና ባለ 4ቱን ደራርቤ ጀመርኩ።

አሁን መልሼው ሌላ ልወስድ አስቤያለሁ። የማማርጠው በሦስት ነገር መካከል ነው፦ 114 ሚሊ ሜትር ባለ መስታወት ከኢኳቶሪያል መቀመጫ ጋር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ 130 ሚሊ ሜትር ዶብሶኒያን (እሱም ባለ መስታወት ነው)፣ አለዚያም ሁሉንም ትቼ ባይኖኩላር። የምታውቁ ጠቁሙኝ። የስልክ መተግበሪያም ካለ አትርሱብኝ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ አትቸኩል። እንደ ገለጽከው ከሆነ ዕቃው አልበደለህም፤ የበደለህ ሳጥኑ ነው።

ስሌቱን እንየው። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት ለዓይን ሌንሱ ስታካፍል የሚያጎላው ይወጣል። 700 ለ 20 ሲካፈል 35፤ 700 ለ 4 ሲካፈል 175፤ እሱን በባርሎው ሦስት እጥፍ ስታደርገው 525። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ምስሉ ግን የለም። አንድ ቴሌስኮፕ ቢበዛ የሚሸከመው በሚሊ ሜትር የተለካውን የፊት ሌንሱን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ያንተ ወደ 140 ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ምስሉ ይሰፋል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ሊጥ ሲለጠጥ እንደሚሳሳው ብርሃኑም ይሳሳል። በዚያ ላይ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በ 35 እጥፍ አንድ ኮከብ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ በ 525 ግን ሃያ ሰከንድ ያህል ብቻ። «ሾልኮ ሄደ» ያልከው ይህ ነው። ማቆሚያው ደግሞ ቀጭን ነው፤ በትንፋሽህ የሚርገበገበውን 525 ጊዜ አጉልተህ እያየኸው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። የፊት ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አንስተኸዋል? ብዙ ክዳኖች መካከላቸው ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አላቸው። እሷን ብቻ የነቀለ ሰው «ከፍቻለሁ» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ በጠባብ ቀዳዳ ያያል። ቀዳዳዋ ሦስት ሴንቲ ሜትር ብትሆን ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሌንሱ አቅም አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። እኔ ይህን ስህተት የሠራሁት አንድ ሌሊት አይደለም፤ አንድ ሳምንት ነው። ስለዚህ አልስቅብህም።

ቀጥሎ ማነጣጠሪያው። ከቱቦው ጎን ያለችውን ትንሽ መነጽር ወይም ቀይ ነጥብ የምታሳየውን መሣሪያ ከቴሌስኮፑ ጋር ሳታስተካክል ሰማይ ላይ ኮከብ መፈለግ መርፌን በጨለማ እንደ መፈለግ ነው። ማስተካከያው ቀን ላይ ነው። ባለ 20ውን አግባ፤ ብዙ መቶ ሜትር የራቀ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ የስልክ ምሰሶ ጫፍ ለምሳሌ፣ በዋናው ቴሌስኮፕ መሀል ላይ አስቀምጥ። ከዚያ ቱቦውን ሳትነካ የማነጣጠሪያውን ብሎኖች እያዞርክ ያው ጫፍ በእሱም መሀል ላይ እንዲውል አድርግ። አሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቀን ስትሠራ ግን ቱቦው ወደ ፀሐይ ፈጽሞ እንዳይዞር፤ ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል። ሳጥኑ ውስጥ በዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ «የፀሐይ ማጣሪያ» ካገኘህ ጣለው፤ ለማንም አትስጠው። የተሰበሰበው ሙቀት ዓይንህ ከላዩ እንዳለ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ወደ ምርጫዎችህ ልምጣ።

114ቱ ከኢኳቶሪያል መቀመጫ ጋር፦ ለጀማሪ አልመክርም። መስታወቱ አይደለም ችግሩ፤ ከ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ችግሩ መቀመጫው ነው። ኢኳቶሪያል መቀመጫ አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሲሆን ኮከብን በአንድ እጅ ለመከተል ድንቅ ነገር ነው፤ ግን ከርካሹ ቴሌስኮፕ ጋር የሚመጣው ቀጭንና ልል ነው፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሚዛን መጠበቂያ ብረት፣ ሁለት የዲግሪ ሰሌዳና አራት ማጥበቂያ ይዞ ከሰው ጋር ይጣላል። ደግሞ ተጠንቀቅ፦ ቱቦው ግማሽ ሜትር ብቻ ሆኖ የትኩረት ርዝመቱ 1000 ሚሊ ሜትር ነው ከተባለ፣ ውስጡ ተጨማሪ ማራዘሚያ ሌንስ ተሰክቷል ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ርካሽ ሥራ ምስሉ አይጠራም፣ መስታወቶቹን ማስተካከልም አበሳ ነው።

130ው ዶብሶኒያን፦ መለወጥህ የማይቀር ከሆነ ይህንን። ስሙ የመጣው ከጆን ዶብሰን ነው፤ በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከእንጨትና ከተራ ቁሳቁስ ቴሌስኮፕ ሠርቶ በእግረኛ መንገድ ላይ ለመንገደኛ ሁሉ ሰማይ ያሳይ የነበረ ሰው ነው። መቀመጫው ወደ ጎንና ወደ ላይ ከመዞር በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። ውበቱም ይኸው ነው።

ባይኖኩላር፦ 10 በ 50 ወይም 7 በ 50 ያለው ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ግን ምትክ አይደለም፤ ጓደኛ ነው። የሳተርንን ቀለበት አያሳይህም።

የዓይን ሌንስ፦ ከመለወጥህ በፊት የገጠሙን፣ ማለትም የዓይን ሌንሱ ወደ ቴሌስኮፑ የሚሰካበትን ክፍል፣ ስፋት ለካ። 31.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ገበያው ሁሉ ክፍት ነው። 24.5 ከሆነ ግን አሮጌው ልክ ነው፤ ለእሱ ጥሩ ሌንስ ማግኘት ይቸግራል፤ እንዲህ ከሆነ «መልሰው» ከሚሉት ወገን እሆናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብትለኝ ፕሎስል የሚባለውን ዓይነት፣ ወደ 10 ሚሊ ሜትር የሚጠጋውን እልሃለሁ፤ 70 እጥፍ ይሰጥሃል፣ ለሳተርንም ይበቃል።

መተግበሪያ፦ የሰማይ ካርታ የሚያሳየው ስቴላሪየም። በኮምፒውተር ላይ በነጻ ይገኛል፣ በስልክም አለ። ቀዩን የሌሊት ገጽታ አብራ፤ ዓይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዲት ነጭ የስልክ ብርሃን ደግሞ ልፋቱን ሁሉ ከዜሮ ታስጀምረዋለች። የሚሽከረከረው የወረቀት ካርታም መልካም ነው፤ ስትገዛ ግን ለየትኛው ኬክሮስ እንደተሠራ ጀርባውን አንብብ። ላንተ ኬክሮስ ያልተሠራ ካርታ ከአድማስህ በታች ያለ ኮከብ ያሳይሃል።

ሌላ መልስ፦

ከላይ በተጻፈው አብዛኛው እስማማለሁ፤ «አትቸኩል» በሚለው ግን በከፊል። እኔ 130ውን ይዤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ብርሃኑ ከ 70ው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል፤ ልዩነቱ ጨረቃ ላይ ብዙም አይታወቅም፣ ደብዛዛ ነገር ላይ ግን ይታወቃል። የኦሪዮንን የጋዝ ደመና በሁለቱም አይቻለሁ። በትንሹ በአራት ከዋክብት ዙሪያ ያለ ጭስ ነው፤ በ 130ው ያው ጭስ ግራና ቀኝ ክንፍ ያወጣል። ቀለም ግን በሁለቱም አትጠብቁ፤ ግራጫ ነው። በፎቶግራፍ የምናየው ቀይና ሐምራዊ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ያጠራቀመው ብርሃን ነው። ይህን ሳይነግሩኝ ስለገዛሁ የመጀመሪያው ሌሊት ከፍቶኝ ነበር።

ችግሮቹን ልናገር። «የጠረጴዛ» ይባላል እንጂ ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ካልሆነ ከቀጭኑ ማቆሚያ በምን ይሻላል? እኔ በመጨረሻ ያሳረፍኩት በሲሚንቶ ብሎክ ላይ ነው። መስታወቶቹ አልፎ አልፎ መስተካከል ይፈልጋሉ። ምስሉ የተገለበጠ ነው፤ በጠያቂው ቴሌስኮፕ ላይ ግን ከዓይን ሌንሱ በፊት ብርሃኑን ወደ ጎን በሚያጥፈው መስታወት ምክንያት ቀኝና ግራው ብቻ ይገለበጣል። ከቤት ሙቀት ወደ ውጭ ሲወጣም ሠላሳ ደቂቃ ያህል እስኪበርድ መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ ቱቦው ውስጥ ያለው ሞቃት አየር ምስሉን ያፈላዋል። መስኮት ከፍቶ ከክፍል ውስጥ ማየትም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ የእኔ ጥቆማ፦ መመለሻው ቀን ከማለፉ በፊት ጥርት ባለ አንድ ሌሊት ይፈትኑት። ግማሽ ጨረቃ ያለችበትን ይምረጡ። ሙሉ ጨረቃ ለጀማሪ ትመቻለች የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የላትም፣ ጠፍጣፋ ነጭ ሳህን ናት።

አጭር መልስ፦

ባይኖኩላሩን አቅልለው ያዩት ሰው ይቅርታ ያድርጉልኝ። 10 በ 50ውን አጥር ላይ አስደግፎ የያዘ ሰው የጁፒተርን ጨረቃዎች ይለያል። ሰባቱ ከዋክብት ደግሞ ከቴሌስኮፕ ይልቅ በባይኖኩላር ነው የሚያምሩት፤ ቴሌስኮፑ ጠባብ ስለሆነ ዘለላውን ይበታትነዋል። አንድሮሜዳም በእሱ ትታያለች፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ፣ በደበዘዘ ሞላላ ብርሃን።

ጠያቂው ከአራት ቀን በኋላ፦

ክዳኑ ነበር። ትንሿን ብቻ ነቅዬ ነበር። ሚስቴ እስካሁን እየሳቀች ነው።

የገጠሙን ስፋት ለካሁት፤ 31.7 ነው። ማነጣጠሪያውን ከሰዓት በኋላ በሩቅ ምሰሶ ላይ አስተካከልኩ፤ የማቆሚያውን እግሮች ሳልስባቸው አጭር አድርጌ ተወኳቸው፤ ከመካከሉ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠለጠልኩ፣ እኔም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆሞ ይረጋል። ባለ 20ውን ብቻ አግብቼ ጨረቃን ያዝኳት። ብርሃንና ጥላው የሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ጥቁር በጥቁር ናቸው፤ ከአንደኛው መካከል አንድ የብርሃን ነጥብ ብቻዋን ቆማለች። መጀመሪያ ሌንሱ ላይ አቧራ መስሎኝ በጨርቅ ልጠርገው ተነሣሁ። ለካ የተራራ ጫፍ ናት፤ ፀሐይ ጫፏን ነክታ ግርጌዋን ገና አልደረሰችበትም። አንድ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ ነጥቧ ሰፍታለች።

ከዚያ ጁፒተር። ክቡ ትንሽ ነው፣ ግን ክብ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ነጥቦች፣ ሁለቱ በአንድ ወገን፣ አንዷ በሌላው። አራት አይደሉም እንዴ? ደግሞስ ባለ 4ቷን ሌንስና ባርሎውን ምን ላድርጋቸው?

የመጀመሪያው መላሽ፦

ሌንሱን በጨርቅ እንዳትነካው! ስላልጠረግከው ደስ ብሎኛል።

አራት ናቸው። አራተኛዋ ከጁፒተር ፊት ወይም ኋላ ሆና ነው፣ አለዚያም ከእህቷ ጋር በጣም ተጠግታ። ጋሊሌዮም በጥር 1610 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መጀመሪያ ያየው ሦስት ነው፤ አራተኛዋን ያገኘው ከቀናት በኋላ ነው። የእሱ ቴሌስኮፕ ደግሞ የሚያጎላው 20 ጊዜ ያህል ነበር፤ አንተ በ 35 ነው ያየኸው። ዛሬ ማታ እንደገና ውጣና አቀማመጣቸውን በወረቀት ሣል።

ባለ 4ቷን አየሩ ፍጹም በረጋበት ሌሊት ለጨረቃ ሞክራት፤ ከአቅሙ በላይ ስለሆነች ብዙ አትጠብቅባት። ባርሎውን ከሳጥኑ ጋር አስቀምጠው፤ ሁለቱ ይስማማሉ።