ቤት ውስጥ ብዙ ሮል ፊልም የምታጥቡ፣ እንዴት ነው የምትጨርሱት?

የአራት ኪሎው
ሰላም ጓዶች። ተነስቶ ያለቀ ኤችፒ5 (ጥቁርና ነጭ ፊልም) ፍሪጅ ውስጥ ተከምሯል፣ ከ40 ሮል በላይ፣ ሁሉም 35 ሚሜ። እናቴ «ቲማቲሙን የት ላድርገው?» ማለት ጀምራለች። ያለኝ ባለ 2 ሪል (ፊልሙ የሚጠመጠምበት) ፓተርሰን ማጠቢያ ታንክ ነው፣ በእሱ አይገፋም። ባለ 8ቱን ላስመጣ ወይ? ውሃችን በፈረቃ ነው፣ የሰፈሩ የግንባታ አቧራ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስካነሬ ኤፕሰን ቪ600። እስቲ የምትሠሩበትን መንገድ ወዲህ በሉ።

ካዛንቺስ35
ባለ 8ቱን እርሳው ወንድሜ። አንድ ሮል 290 ሚሊ ኬሚካል ይፈልጋል፣ ሲሞላ ከ2.3 ሊትር በላይ ነው፣ እሱን ስትገለብጥ ክንድህ ይዝላል፣ ሞልቶ ለመድፋትም ጊዜ ስለሚወስድ አጭር ሰዓት ከያዝክ ፊልሞቹ እኩል አይወጡም። እኔ ሁለት ባለ 5 ታንክ አለኝ። አንዱ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ላይ ሲደርስ ሌላው ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው) ይገባል። ኤችፒ5 በአይዲ-11 ዴቨሎፐር፣ 1+1 (እኩል ውሃ ጨምረህ)፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ። ሳይበረዝ 7 ደቂቃ ተኩል ነው፣ ግን ለትልቅ ታንክ ረጅሙ ይሻላል። ደግሞ የሚያዘገይህ ሪል እንጂ ታንክ አይደለም። የፕላስቲክ ሪል ትንሽ እርጥበት ካለው ፊልሙ መሃል ላይ ይነክስና ጨለማ ውስጥ ብቻህን ትሳደባለህ። ትርፍ ሪል ግዛ።

ጋሽ ኔጋቲቭ
ልጄ፣ ውሃው አያስጨንቅህ። ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማፍሰስ ድሮ ቀረ። የፊልሙ አምራች ኢልፎርድ ራሱ የሚመክረው አለ፦ ከፊክሰር በኋላ ታንኩን ሙላና 5 ጊዜ ገልብጥ፣ ድፋ። እንደገና ሙላና 10 ጊዜ። በሦስተኛው 20። በቃ። ፊክሰሩ ማጠንከሪያ የሌለበት ይሁን እንጂ። ለባለ 5 ታንክ 5 ሊትር እንኳ አይሞላም፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ካለህ ከሰዓቱን ትሠራለህ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በባትሪ ውሃ አድርገው (የተጣራውን ነው፣ አሲዱን እንዳታመጣ!)፣ ፎቶ-ፍሎ (የውሃ ጠብታ ምልክት እንዳይተው የሚያደርገውን) 1 ለ200 ጠብ አድርግበት።
1 ሊትር የተበረዘ ራፒድ ፊክሰር 24 ሮል ገደማ ይችላል። ቢሆንም ቁራጭ ፊልም ጣልበትና እየው። አዲስ ሳለ ከፈጀበት እጥፍ ቆይቶ ካጠራው፣ አብቅቶለታል።

የአራት ኪሎው
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ማድረቁስ? የትም ብሰቅለው አቧራ ይለጠፍበታል።

የፒያሳ ልጅ
ዚፕ ያለው የጨርቅ ቁም ሳጥን ግዛ። ረጅሙን ምረጥ፣ ባለ 36 ፊልም 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ከመስቀልህ በፊት ውስጡን ውሃ እርጭ፣ አቧራው ይቀመጣል። ከታች የልብስ መቆንጠጫ አድርግበት። የፀጉር ማድረቂያ የሚባል ነገር አታስጠጋ፣ አቧራውን እየነፋ እርጥቡ ፊልም ላይ ነው የሚለጥፈው። በጋ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ክረምት ግን አሳድረው።
አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማጠቡ ቀላሉ ነው፣ የሚገድልህ ስካኑ ነው። ቪ600 በአንዴ 12 ፍሬም ነው የሚይዘው፣ ለአንድ ሮል ሦስቴ መጫን ማለት ነው። በኢንፍራሬድ አቧራ የሚያጠፋው የስካነሩ ዲጂታል አይስም እዚህ አይረዳህም፣ የጥቁርና ነጭ ፊልም ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚዘጋው። ኔጋቲቩን በካሜራ አንሳው። ማክሮ ሌንስ (በጣም ቀርቦ የሚያነሳ)፣ ከሥሩ ጥሩ የኤልኢዲ ፓነል፣ የሌንሱ ክፍተት ኤፍ8፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው)። ፊልሙን ሳትቆርጥ እየሳብክ ታነሳለህ፣ ሮሉ በደቂቃዎች ያልቃል። ካሜራው መስተካከሉን ለማወቅ ፊልሙ ቦታ ላይ መስታወት አስተኛ፣ ሌንሱ ራሱን መሃል ላይ ካየ ቀጥ ብሏል። ፓነሉም ካሜራውም በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋም ግድ የለህም።

የአራት ኪሎው
ማክሮ ሌንስ የለኝም እኮ፣ ዋጋው አይቀመስም። 50 ሚሜ ብቻ ነው ያለኝ።

የፒያሳ ልጅ
ኤክስቴንሽን ቲዩብ (በካሜራውና በሌንሱ መሃል የሚገባ ቀለበት) አስገባበት። ጠርዙ ትንሽ ሊለሰልስ ይችላል፣ ለኢንተርኔት ግን ይበቃል። ለትልቅ ህትመት የምትፈልጋቸውን ጥቂቶቹን ብቻ በኋላ በቪ600 ትደግማለህ።

ካዛንቺስ35
አልስማማም፣ ለህትመትም ካሜራው ከቪ600 ይሻላል። ለማንኛውም ትርፍ ሪሎች አሉኝ፣ ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነኝ። በውስጥ ጻፍልኝ።