ልጁ በእንቅልፉ «አቀብለኝ!» ይላል፤ ጌም ቤቱ ይዘጋ?

ጨሞጋ ማዶ፦
ሰላም የግሩፑ ሰዎች። እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ሦስት ፕሌይስቴሽን ቤት ተከፍቷል። ወላጆች «ቀበሌው ይዝጋልን» ብለው ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ወረቀቱ ትናንት እኔ ጋ ደረሰ። የእህቴ ልጅ እኔ ቤት ነው የሚያድረው፤ 15 ዓመቱ ነው። ሌሊት «አቀብለኝ! አቀብለኝ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ይሄስ ባልከፋ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ ሰው መሃል እየተሹለከለከ «አጎቴ፣ በዚህ በኩል ክፍተት አለ» ይለኛል። ለካ እንደ ኳስ ጌሙ ተከላካይ እያለፈ ነው! ጌሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ ማለት ነው? ልፈርም ወይስ ልተው?

እናት ከቡሬ፦
ፈርም ወንድሜ፣ ምን ያጠያይቃል! የኔው ልጅ ብርጭቆ አምልጦት ሲሰበር አውራ ጣቱ ባዶ አየር ላይ ቁልፍ ሲጫን አየሁት። «ምን እያደረግህ ነው?» ብለው «ወደ ኋላ ልመልሰው» አለኝ። ራሱም ደነገጠ። ብርጭቆስ ይሁን። ባጃጅ ሲመጣበትስ ምን ሊጫን ነው?

ሳይኮሎጂ አስተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
እህቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ልጅዎ ብቻውን አይደለም። አንጀሊካ ኦርቲዝ ዴ ጎርታሪ የምትባል ተመራማሪ ወጣት ተጫዋቾችን አነጋግራ በ2011 እ.ኤ.አ. ከማርክ ግሪፊትስ ጋር ጽፋለች። አንዱ ልጅ ሳንድዊች ሲወድቅበት ጣቱ የጆይስቲኩን ቁልፍ ሊጫን ነው የሄደው። ልክ እንደ ብርጭቆዋ።

ህልሙ ደግሞ ከዚያም በፊት ተጠንቷል። ቴትሪስን ታውቁታላችሁ፣ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዟዟሩ መደርደር ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ ሰው በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ የሠራው ነው። ሮበርት ስቲክጎልድ የሚባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 27 ሰዎችን በ3 ቀን ውስጥ 7 ሰዓት አጫወታቸው። 17ቱ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ቅርጾቹ ሲወርዱ ታያቸው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከ27ቱ አምስቱ አንጎላቸው ተጎድቶ አዲስ ነገር መያዝ የማይችሉ ነበሩ። ትናንት መጫወታቸውን እንኳ አያስታውሱም። ከነሱም ሦስቱ ቅርጾቹን አይተዋል! ሰውየው ረስቶታል፣ አንጎሉ ግን አልረሳውም። እና ይሄ እብደት አይደለም። አንጎል ቀን የዋለበትን ማታ ይደግማል።

ቦራና ዳለቻ፦
ጉድ እኮ ነው! ይሄን ለማወቅ ሃርቫርድ ድረስ? በእርሻ ወራት እኔ ሌሊት «ቦራ! ዳለቻ!» እያልኩ በሬ ስጣራ አድራለሁ። ሚስቴን ጠይቁ።

የዋሸራ ተማሪ የነበረ፦
እኔም የምጨምረው አለኝ። ዋሸራ ቅኔ ስቆጥር ጉባኤ ቃናው፣ አጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ቀን ጫካ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ እውላለሁ፤ ማታ በህልሜ ቤት ስመታ አድራለሁ። ጠዋት ስነቃ ግማሹ ይጠፋል፣ ያ ነው የሚያናድደው። ቁራሽ ስለምን ውሻ ሲያባርረኝ እንኳ «ሰሙ ውሻ ቢሆን ወርቁ ምን ይሆናል?» እያልኩ ነበር የምሮጠው። ዛሬም ድረስ ሰው ቀጥ ያለ ነገር ሲነግረኝ ሌላ ነገር ያለው ይመስለኛል። ታዲያ ቅኔ ቤቱን ማን ይዝጋ አለ?

እናት ከቡሬ፦
አንተ ደግሞ! ቅኔን ከጌም ጋር? አንተ ያለምከውን ጠዋት ለየኔታ ትነግራለህ፤ ያርሙሃል፣ ሲሳካልህ ይመርቁሃል። የኔ ልጅ ያለመውን ለማን ይነግራል? ደግሞስ የኔታ በየጨዋታው ብር ይቀበላሉ?

የዋሸራ ተማሪ የነበረ፦
ይቺስ ገባች። መልስ የለኝም።

ጃንጥላ፦
እኔ እንኳ ጌም ቤት ረግጬ አላውቅም፤ ስልኬ ላይ ካንዲ ክራሽ ነው፣ አንድ ዓይነት ከረሜላዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ መግጠም። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ የካህናቱን ጃንጥላ እያየሁ «ያ ቀዩ አንድ ወደ ግራ ቢል ሦስት ይሆን ነበር» ስል ራሴን ያዝኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እና ጌም ቤቱን ብትዘጉ ስልኩንስ ማን ይዘጋዋል?

ጆይስቲክ ጠጋኝ፣ ፍኖተ ሰላም፦
የጌም ቤት ሰው እኔ ነኝ፣ ስደቡኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ህልም ላይ ክፋት አላይም። ክፋቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በሬን ሲገፋ ነው። እኔ እመልሰዋለሁ፣ ጎረቤቴ ያስገባዋል። ከዚያ እኔም ማስገባት እጀምራለሁ፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። ሁላችንም በትምህርት ሰዓት እንዝጋ ከተባለ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።

ነርስ ነኝ፦
ትክክል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ከ2022 ጀምሮ ይሠራበታል። መለኪያው ግን ህልም አይደለም። ልጁ ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከትምህርትም ከምግብም ሲቀድምበት፣ እየጎዳውም ሲቀጥል ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ። ጨሞጋ ማዶ፣ ልጁ በስንት ሰዓት ነው የሚተኛው? ትምህርቱስ? መጀመሪያ እሱን ጠይቀው።

ጨሞጋ ማዶ፦
ጠየቅኩት። ማታ እራት ላይ። ይተኛል፣ ትምህርት ቤትም አልቀረም፤ ስም ጠሪውን ደውዬ አጣርቻለሁ። «ታዲያ በየሌሊቱ አቀብለኝ የምትለው ኳሱን ነው?» አልኩት። አቀረቀረ። ለካ ለጨዋታ የሚከፍለው ብር ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚያየው። ጓደኞቹ «አንዴ እናስይዝሃለን» ይሉታል፣ ከዚያ አይሰጡትም። አቀብለኝ የሚለው ጆይስቲኩን ነው።

የዋሸራ ተማሪ የነበረ፦
ሰሙ ኳስ፣ ወርቁ ጆይስቲክ! ይሄ ልጅ ቅኔ ቤት ነበር የሚገባው።

ጨሞጋ ማዶ፦
ሳቅ አይደለም፣ አንጀቴን በላው። ለማንኛውም ወረቀቱ ላይ «ይዘጋ» የሚለውን ሰርዤ «በትምህርት ሰዓት ይዘጋ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሰብሳቢዋ ተቆጥታ አዲስ ወረቀት ልታመጣ ሄደች።

እናት ከቡሬ፦
ስትመጣ እንደነበረው ፈርምላት። ለልጁም አሥር ብር ስጠው፣ አንዴ ይጫወት።