ፓይተን ጳጉሜን አላውቅም አለኝ፣ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ጣና ዳር፣ ከአሳ አጥማጆች የሚረከብ ማኅበር ውስጥ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ጓደኞቼ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ዌብሳይት ይሠራሉ፣ አንዱማ ከሳተላይት ምስል ላይ እምቦጭ ይለይበታል። እኔ የምፈልገው ቀላል ነው፦ የቆሮሶና የአምባዛውን ኪሎ ከኤክሴል በፓንዳስ (ሠንጠረዥ ማንበቢያ የፓይተን መሣሪያ) አንብቤ በየወሩ መደመር።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። መዝገባችን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ 05/13/2016 ዓይነት፣ ማለትም ጳጉሜን 5። ቀን/ወር/ዓመት ነው ብዬ ሳስነብበው፣ ጳጉሜን ሲያይ ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ቀጥ ይላል፤ ጥቅምት 30 ላይም እንደዚያው፣ ለካ 2ኛ ወር ሲያይ ፌብሩዋሪ መስሎት ነው! ስህተቱን እለፈው ስለው ደግሞ እነዚያን ቀኖች ባዶ ያደርጋቸዋል፣ የቀረውን የፈረንጅ 2016 አድርጎ ዝም። ይሄ ይባስ አስፈራኝ፣ ሳላየው ሪፖርት ልልክ ነበር።

ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 መደመሩን አውቃለሁ፣ ወሩና ቀኑ ግን ራሴን አዞረኝ። ቀን፣ ወር፣ ዓመቱን እንደ ተራ ቁጥር ለያይቼ ብደምር ይሻላል ወይስ ልቀይረው? የሞከራችሁ ካላችሁ ኮዱን ጣል አድርጉልኝ፣ እስከ ዓርብ አስረክብ ተብያለሁ።